ንፋስ መለኪያ

ልጄን በሠርጓ ቀን የሚወስዳት መኪና ቀረብኝ፤ በባጃጅ ሸኘኋት። ከቆቦ ወደ ሮቢት በሚኒባስ ስሄድ ከፊቴ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ፤ አንዱ ባለመኪና ነው።

«ሞተሩ ጉልበት አጣ። ለካ የንፋስ መለኪያው ተበላሽቷል።»

«ንፋስ ለጎማ አይደል እንዴ?»

«ሞተርም ንፋስ ይስባል ወንድሜ።»

«ሳንባ አለው በለኛ!»

«ደሴ ላለው ወንድሜ ‹ንፋስ መለኪያ ላክልኝ› አልሁት። ቤቴ ቁጭ ብዬ አሮጌውን ፈታሁና የተላከውን ብከፍተው፣ የጎማ መለኪያ!»

«ሠርግ ይዘህ አልነበር?»

«ሙሽሪት በባጃጅ ሄደች አሉ።»

«ለአባትየው አልነገርኸውም?»

«ምን ብዬ? የሞተሩን ብዬ የጎማው መጣ ልበለው? ማን ያምነኛል?»

«እውነትህን ነው፣ እኔም አላመንሁህ።»

ሮቢት ስንደርስ «ወራጅ አለ» ማለቱ ጠፋኝና እስከ ጎብዬ አብሬያቸው ሄድሁ፤ ቀኑ ሰኔ ሚካኤል ነበር፤ መልአኩ የሞቱን ደብዳቤ መንገድ ላይ ለውጦ የሠርግ ያደረገበት።