የሐሙስ ተራ

ጤና ጣቢያ የሄድኩት ለጥርሴ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ደባርቅ መናኸሪያ ውስጥ «ኪዳኑ አእምሮው ታሟል» እየተባለ የሚወራውን ለማጥራት ነው። የተሳሳትኩት በወረፋው ብቻ ነው። የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ሆኜ፣ ቀኑን ሙሉ መኪና በየተራው ስሸኝ እየዋልኩ፣ የራሴን ተራ ስቼ የሌላ ክፍል ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ኖሯል።

ገባሁ። ሲስተር ኤልሳቤጥ የምትባል ረጋ ያለች ነርስ ወንበር ሰጠችኝና «እንቅልፍህ እንዴት ነው?» አለችኝ። ጥርስና እንቅልፍ ምን አገናኛቸው ብዬ ብገረምም፣ ተጠይቄ ዝም ማለት አልችልበትምና ሊማሊሞ አናት ላይ ቆሜ እንቅልፍ ወስዶኝ ስነቃ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ዛሪማ፣ የተገኘሁበትን ታሪክ አወራሁላት። አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። ጨርሼ እስካበቃ ሰማችኝ። እንደዚያ የሚሰማ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም፤ ሌላ ታሪክ ልጨምርላት ብል ውሸቱ አለቀብኝ። ሳላስበው ስለ ጋሼ ይግዛው እያወራኋት ነበር፤ ስማቸውን ግን አላነሳሁም።

ጋሼ ይግዛው ከደባርቅ አዲ አርቃይ ሃያ ሁለት ዓመት የተመላለሱ የሚኒባስ ሾፌር ናቸው። የእኔን ወሬ ያልሰማ ሰው በከተማው የለም፤ እንደ እሳቸው የሳቀለት ግን አላየሁም። በተለይ የጭላዳ ዝንጀሮውን። አንድ ሽማግሌ ጭላዳ ሊማሊሞ ላይ መኪና አስቁሞ «ጋቢና ካልሆነ አልሳፈርም» ብሎ ከሰው የተጣላበትን ሳወራ፣ የቆመች መኪናቸውን ተደግፈው እንባቸው እስኪፈስ ይስቁ ነበር። ለዚያ ሳቅ ስል ታሪኩን በየጊዜው አስረዝመው ነበር።

ካለፈው ፍልሰታ ወዲህ ሳቁ ጠፋ። ምሳ ይቀርብላቸውና እንደቀረበ ይመለሳል። ሰላምታ ሲሰጧቸው ቆይተው ነው የሚመልሱት። በኋላ ደግሞ አንድ ተሳፋሪ እንደነገረኝ፣ ቁልቁለቱ መሃል መኪናዋን ዳር አስይዘው፣ ሞተር አጥፍተው ገደሉን ማየት ጀመሩ። «ምን ሆነች?» ሲሏቸው «ፍሬን እስኪቀዘቅዝ ነው» ይላሉ። ፍሬኑ ግን አልጋለም።

ይህን ስነግራት ሲስተር ኤልሳቤጥ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ድባቴ ሊሆን ይችላል» አለች። «ከሆነ ይታከማል። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የምክር ሰዓት አለኝ። ገደል ዳር የሚቆም ሰው ግን ብዙ አይቆይ። ቶሎ ይምጡ፤ እስከዚያም ብቻቸውን አይሁኑ።»

ጥርሴን ሳላስነቅል ወጣሁ። በዚያው ቀን ለባለቤታቸው ለእትዬ አምሳል ነገርኩ። እሳቸውም ቀድሞ ገብቷቸው ኖሮ «እኔ ስናገር ቁጣ ነው፤ አንተ ሞክር፣ አንተን ይሰማሃል» አሉኝ።

በማግስቱ፣ ረቡዕ ማለዳ፣ ነጠላዬን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቄ ለብሼ የጋሼ ይግዛው ጋቢና ገብቼ ተቀመጥኩ።

«ምነው ኪዳኑ፣ ማን ሞተብህ?»

«እኔ አይደለሁም ሐዘንተኛው። ለእርስዎ ነው ለቅሶ ልደርስ የመጣሁት።»

«እኔ ማንም አልሞተብኝም።»

«ያ የሚስቁት ጋሼ ይግዛውስ?»

ድሮ ቢሆን በዚህ ቀልድ ጆሮዬን ይዘው ከመኪና ያወርዱኝ ነበር። ያን ቀን በመስታወቱ ወደ ፊት ብቻ ያዩ ነበር። እጃቸው ቁልፉ ላይ ነበር፤ አላዞሩትም።

«ቀልድ አላሰኘኝም» አሉ።

«እኔም አልቀለድኩም።» ድምፄ ሲቀጥንብኝ ለራሴም ደነገጥኩ።

«ስማ ልጄ፣ ሰው ሲሞትበት ነው የሚያዝን። እኔ ምን ሆንኩ? ልጆቼ ደህና፣ አምሳል ደህና፣ መኪናዋ ትሠራለች። ምንም ያልሆነ ሰው ምን አመመኝ ብሎ ሐኪም ቤት ይሄዳል?»

«እሱን እኮ ነው የምለው። ሰው ሞቶብዎት ቢሆን ድንኳን ይተከል፣ እድርተኛው መጥቶ አብሮዎት ያድር ነበር። እርስዎ ግን ሳይሞትብዎት አዘኑ። ማን ይወቅልዎት? ይኸው ስምንት ወር ብቻዎን ለቅሶ ተቀመጡ።»

ዘወር ብለው አዩኝ። «ይህን ንግግር ከየት አመጣኸው?»

«ለጥርሴ ሄጄ።»

እዚህ ላይ አንባቢዬ አንድ ነገር ልብ ይበል። እኛ የሐዘን ወጉን የምናውቅ ሰዎች ነን። ሬሳ ካለ ግን ነው። ሬሳ የሌለው ሐዘን ሲመጣ መቀመጫ አንሰጠውም፤ «በርታ፣ ወንድ አይደለህ?» ብለን እናልፋለን። እኔም ስምንት ወር ሙሉ ከጭላዳ ወሬ በቀር ያቀረብኩላቸው ነገር አልነበረም።

ጋሼ ይግዛው ቀጠሉ። «እንደምትለው ይሁን። የንስሐ አባት አሉኝ፤ ጠበል አለ። ይህ የነርስ ወሬ ምን ያደርግልኛል?»

«የንስሐ አባትዎ አባ ወልደ ሩፋኤል የደም ግፊት ክኒን ይውጣሉ ወይስ አይውጡም?»

«ይውጣሉ።»

«ጠበሉንስ ተዉት?»

«እሳቸው? እንዴት ተደርጎ።»

«እንግዲያው እርስዎም ሁለቱንም ይያዙ። ከጠበሉ ማን አስቀረዎት?»

«ወሬ ግን ክኒን አይደለም» አሉ። «አንተ ወሬ ስለምትወድ ወሬ መድኃኒት ይመስልሃል።»

«አዲስ ሾፌር ሊማሊሞን ሊወርድ ሲል ምን ብለው ነው የሚመክሩት?»

«በፍሬን ብቻ አትውረድ፤ ማርሽ አክብድ፣ ሞተሩም ይያዝ።»

«ለምን?»

«ፍሬን ብቻ ከያዘ ይግላል። ከጋለ አይዝም።»

«ታዲያ እርስዎ ስምንት ወር በፍሬን ብቻ እየወረዱ አይደለም? ጥርስዎን ነክሰው። ሲስተር የምታደርገው ሌላ አይደለም፤ ማርሽ ታስቀይርዎታለች። ወሬ ብቻም አይበቃም ካለች ወደ ሐኪም ትልክዎታለች።»

ይህች ገባች መሰለኝ። ሆኖም ሾፌር በአንድ ጊዜ አይሸነፍም።

«ወጪውስ?»

እጄን ጋቢናው ውስጥ ከተለጠፈው የማርያም ሥዕል ጀርባ ሰደድኩና የጤና መድን ደብተራቸውን አወጣሁ። እትዬ አምሳል በየዓመቱ እያሳደሱ እዚያ ያስቀምጡታል። «ጠይቄልዎት መጥቻለሁ። ለጉንፋን የሚሠራው ለዚህም ይሠራል።»

«ሰውስ? ይግዛው አበደ ቢሉ?»

«የምክሩ ክፍል ከጥርሱ ጎን ነው። እኔ ራሴ ለይቼ አልገባሁም፤ ሌላው በምን ይለያል? ደግሞ በእብድነቱ እኔን አስቀድመውኛል፤ እርስዎ ሁለተኛ ነዎት።»

ከንፈራቸው ዳር የሆነ ነገር ነቅነቅ ብሎ ጠፋ። ሳቁን ጠብቄ ነበር፤ አልመጣም።

«ጊዜ የለኝም፣ ኪዳኑ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «መኪናዋ የሰው ናት። የጠዋት ተራዬ ካለፈ ባለቤቱን ምን እለዋለሁ? በሳምንት ስድስት ቀን እሠራለሁ፤ እሑድ ሐኪም የለም። ሥራ ያለው ሰው አይታመምም።»

ይህን ስጠብቅ ነው ያደርኩት። የተራ ደብተሬን ከጉያዬ አውጥቼ የሐሙስን ገጽ ዘረጋሁላቸው። በማለዳው ተራ ዘመነ የሚባለው ሾፌር ተጽፏል። የእሱ ልጅ ዛሪማ ትማራለችና ሐሙስ ቀድሞ ቢወርድ ደስታውን አይችለውም። ጋሼ ይግዛው በስምንት ሰዓቱ፣ በመጨረሻው ተራ ተጽፈዋል።

«ጭነቱ ያው ነው፤ ምልልሱም ያው ነው» አልኩ። «ባለቤቱ የሚያጣው ነገር የለም። ሦስት ሰዓት ላይ ሲስተር ዘንድ ይገባሉ፤ አራት ሰዓት ይወጣሉ፤ ምሳዎን በልተው ይጭናሉ። መንገድ ላይ ያደሩ እንደሆነ ዛሪማ ቆመው ሲስተርን በስልክ ያናግሯታል፤ ፈቅዳለች።»

«ሰርዘው።»

«የተጻፈ ተራ ይሰረዛል? ለሹም ዘመድ እንኳ አይሰረዝም ብለው መናኸሪያውን ሁሉ ያስማሉት ማን ነበሩ?»

ደብተሩን አጥፈው መለሱልኝ። ከዚያ መሪው ላይ ተደገፉና፣ ለእኔ ሳይሆን ለመስታወቱ እንደሚናገሩ፣ «ቤቴ ተቀምጬ ቤቴ ይናፍቀኛል» አሉ። «አምሳል አጠገቤ ሆና ትናፍቀኛለች። ልጆቹ ሲስቁ እሰማለሁ፤ ከሩቅ ነው የምሰማው። ገደሉ ዳር ስቆም ምን እንደማስብ ታውቃለህ?»

«አላውቅም። መጠየቁንም እፈራለሁ። እሷ ግን ትጠይቅዎታለች፤ አትደነግጥም።»

ነጠላዬን ከትከሻዬ ገፈፉና አስተካክለው መልሰው አለበሱኝ። «በል ውረድ» አሉ። «በቁሜ አታልቅስብኝ። ነገ በሦስት ሰዓት ከደጅ ጠብቀኝ፤ ክፍሉን አላውቀውም።»

የዚያን ቀን ጉዞ ዘመነ ወረደላቸው። እትዬ አምሳል ቀኑን ሙሉ ከጎናቸው አልጠፉም። ሐሙስ ዕለት አብረን ሄድን።

እነሆ ዘጠኝ ሐሙስ ሆነ። አላጋንንም፤ ማጋነን ብፈልግ በአንድ ቀን ዳኑ እል ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ላይ «አልሄድም» ብለው ነበር። አምስተኛው ላይ እንቅልፍ መጣላቸው። አሁን ምሳቸውን ይጨርሳሉ፤ ማታ ከልጆቻቸው ጋር ይቀመጣሉ፤ ቁልቁለቱ መሃል አይቆሙም። ባለ መኪናው አንዲት ጉዞ አልጎደለችበትም። ዘመነ ልጁን በየሐሙሱ ያያል። ሌሎች ሁለት ሾፌሮችም ለብቻዬ ጠርተው «የዓርብን ተራ እንዲሁ ማስተካከል ይቻላል?» ብለውኛል፤ ስማቸውን አልናገርም። በሌላ ከተማ ያለህ ተራ አስከባሪ ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ እርሳስህን አንሳ። አንድ መስመር ከላይ ወደ ታች ማውረድ ነው፤ ሌላ ምንም አያስፈልግም።

ለእኔ የቀረኝ ያ ሳቅ ነበር። በየሐሙሱ ስምንት ሰዓት በሩን ስዘጋላቸው ጆሮዬን እጥላለሁ።

ባለፈው ሐሙስ መኪናዋ ሞልታ በሩን ልዘጋ ስል ጋሼ ይግዛው ለተሳፋሪው ሲያወሩ ሰማሁ። «ጋቢናውን ለጭላዳው ለቀቅንለት። ዛሪማ ስንደርስ ሙቀቱን አልቻለውም፤ ወርዶ ወደ ደባርቅ በእግሩ ተመለሰ።»

ይህን መጨረሻ እኔ አላወራሁትም። የእሳቸው ነው።

ተሳፋሪው ሳቀ። እሳቸው ይሳቁ አይሳቁ አልሰማሁም፤ ሞተሩ ተነስቶ ነበር። መኪናዋ ወደ ሊማሊሞ እስክትታጠፍ ቆሜ አዳመጥኩ። የፊታችን ሐሙስ በሩን ቀስ ብዬ ነው የምዘጋው።