አሥራ ሁለት ክንድ አቡጀዲ

የተከበራችሁ ካህናት አባቶች፣ ሸሆቻችን፣ እናቶች፣ የዋጃና የቆቦ ሰዎች፣ እንኳን ከዚህ ከወንድማችን ከክብረት ቀብር አልቀራችሁ። ባልሽን ያጣሽው እህቴ ብርኽቲ፣ አባትህን ያጣኸው ልጄ ናሆም፣ አላህ ያጽናችሁ። አፈሩ ከመመለሱ በፊት ጥቂት ጊዜ ስጡኝ። እኔ ኢብሮ ነኝ፤ የክብረት የሠላሳ ዓመት ጎረቤት። የማወራው ግን ስለ ጎረቤትነታችን ብቻ አይደለም።

ክብረትን የማያውቅ ማን አለ? ከሱቁ ጨው ያልገዛ፣ ላምባ ያልቀዳ ማን አለ? ከደቡብ ትግራይ መጥቶ እዚህ መንገድ ዳር ሱቅ ሲከፍት አንድ ልማድ ይዞ መጣ። አዲስ የአቡጀዲ ጣቃ በፈታ ቁጥር መጀመሪያ አሥራ ሁለት ክንድ ይቆርጣል። አጥፎ ከጨው ጆንያው ጀርባ ያስቀምጠዋል። አይሸጠውም። መግነዝ ላጣ ክርስቲያን፣ ከፈን ላጣ እስላም ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ስንቱ ሰው በዚያ ጨርቅ ተቀበረ?

ያኔ ደርግ ነበር። ጨርቅ የሚገኘው ከማኅበሩ ሱቅ፣ በቀበሌ ደብዳቤ ነው። የግል ነጋዴ በኮታ የደረሰውን ሳይሸጥ ካስቀመጠ አሻጥረኛ ይባላል። ውጊያው ወደኛ ሲቀርብ ደግሞ ባሰ፤ ለወንበዴ አቀባይ ይባል ጀመር። የክብረት ዘመዶች ከወዲያ በኩል ነበሩ። ያ ምን ማለት እንደነበር ታውቃላችሁ። እሱ ግን መቁረጡን አልተወም።

እኔስ? እኔ የአብዮት ጥበቃ ነበርኩ። በሰማንያ ዓመተ ምህረት አንድ ቀን ሱቁ ስገባ ጣቃ ይፈታል። "ኢብሮ፣ ና እስቲ ይቺን ጫፍ ያዝልኝ" አለኝ። ያዝኩለት። በክንዱ ለካ። አሥራ ሁለት። ሌላ ሰው አልነበረም።

በዚያው ሳምንት የቀበሌው ሊቀመንበር ጠራኝ። የወንድሜ የነጅሙዲን ስም ለብሔራዊ ውትድርና ተጽፏል። "እንዲሰረዝ ከፈለግህ ስለ ባለሱቁ የምታውቀውን አምጣ" አለኝ። ምን ልበላችሁ? ፈራሁ። ተናገርኩ።

ናሆም፣ ቁም ልጄ። ልጨርስና የፈለግኸውን ታደርገኛለህ።

ክብረትን ገበያ መሀል አቁመው "ለማን ደበቅኸው?" አሉት። ልጆቻችሁ ከጫካ ቆስለው መጥተው፣ እቤታችሁ ሞተው፣ በስውር የቀበራችሁ ሰዎች ዛሬ እዚህ ቆማችኋል። ማን መግነዝ እንደሰጣችሁ ታውቃላችሁ። ስማችሁን ቢጠራ ይለቁት ነበር። አንድም ስም አልጠራም። ሰባት ወር ቆቦ ታሰረ።

እሱ እንደታሰረ እናቴ ራህመት ሞተች። የማኅበሩ ሱቅ ጨርቅ የለም አለ። ሬሳዋን ቤት አስተኝቼ ዋጃን ዞርኩ። ከሰዓት በኋላ ብርኽቲ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ አቡጀዲ በብብቷ ይዛ መጣች። ክብረት ለራሱ መግነዝ ብሎ ቤቱ ያስቀመጠው ነው። "ጠዋት ስንቅ ሳደርስለት ነገርኩት። ለኢብሮ እናት ስጪ አለኝ" አለች። እናቴ በእሱ መግነዝ ተከፈነች። እኔ አፈር ስመልስ ቀና ብዬ ብርኽቲን ማየት አልቻልኩም።

የነጅሙዲን ስምም አልተሰረዘም። ሄደ፤ አልተመለሰም።

ደርግ እንደወደቀ ልነግረው ሱቁ ገባሁ። እሱ ቀደመኝ። "ክሱን ሲያነቡብኝ አሥራ ሁለት ክንድ አሉ። ጨርቁን ገና ማንም አልለካውም ነበር" አለኝ። ሰዉ መግነዙን ይወስዳል እንጂ አይለካም፤ ቁጥሩን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነበርን። ከዚያ ሚዛኑን አነሳና "ስኳር ስንት ላድርግልህ?" አለኝ።

አንድ ኪሎ ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አሥራ ስድስት ዓመት በየቀኑ እያየሁት "አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ" ሳልለው ኖርኩ። አፍሬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ብርኽቲ፣ ዛሬ ጠዋት አቡጀዲ ይዤ ስመጣ "ለምን አንተ?" ብለሽኝ ነበር። መልሱ ይኸው። ከቆቦ ገበያ ገዝቼ፣ ብቻዬን ለክቼ ያመጣሁት ነው። ሳታውቂ ተቀበልሽኝ። አሁን አወቅሽ። ከሬሳው ላይ ይነሳ ካልሽ ይነሳ፤ አልቀየምም።

ክብረት፣ ወንድሜ፣ አውፍ በለኝ። ለእናቴ የሰጠኸውን መግነዝ ዛሬ መልሼልሃለሁ፤ የሰባቱን ወር ግን ከየት አምጥቼ ልመልስልህ?

ምን አልሽ ብርኽቲ? ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፣ ሰዉ ይስማ።

"አፈሩን መልሱ" ነው ያለችው።

ናሆም፣ አካፋውን አቀብለኝ ልጄ። ደህና ሁን፣ ክብረት።