በጣት የተፈታ ብሎን

ካዛንቺስ፣ ከፈረሰው ሰፈር ጠርዝ ላይ፣ ሳትነካ የቀረች አንዲት የቆርቆሮ ጋራዥ አለች። ባለቤቷ ጋሽ ተከስተ ሠላሳ ሁለት ዓመት ፍሬን ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ደንበኛ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት አባባልም ነበረቻቸው፤ «እጄ አይሳሳትም» ይሉ ነበር። ይህ ያችን አባባል የተዉበት ቀን ታሪክ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ድንገት የወረደው ዝናብ አንዲት ወጣት መንገደኛ ከጣሪያቸው ሥር አስገባት። ጋሽ ተከስተ ዱካ ሰጧትና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በክሪክ የተነሣችው ሚኒባስ የራቢያ ናት። ራቢያ ጠዋትና ማታ አሥራ አራት ሕፃናት ከወሎ ሰፈር ወደ ትምህርት ቤት ታመላልሳለች። ፍሬን ስትይዝ ከፊት ጎማዎች አንዱ ጋ እንደሚንኳኳ ተናግራ፣ የቱ እንደሆነ ግን ሳትለይ ነበር መኪናዋን ትታ የሄደችው። እሳቸውም የግራውን ከሦስት ወር በፊት ራሳቸው ስለሠሩት ቅንጣት ሳይጠረጥሩት የቀኙን ፈቱ።

የቀኙ ደኅና ነበር። መልሰው ሲገጥሙት ግን፣ ብሎን እስኪጮህ ካልጠበቀ ጠበቀ አይባልም ባይ ናቸውና፣ በመፍቻው እጀታ ላይ ቧንቧ ሰክተው ተጫኑት። የቀዳዳው ጥርስ ተበላና ብሎኑ ዝም ብሎ ይዞር ጀመር። ጋሽ ተከስተ አልደነገጡም። ከሚስማር ላይ የመዳብ ሽቦ አወረዱ፣ ቆርጠው ብሎኑ ላይ ጠመጠሙና መልሰው ወደ ቀዳዳው ሊያስገቡት ተዘጋጁ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች መንገደኛዋ። «ሥራዎ ውስጥ ልግባ ብዬ አይደለም፣ ማለቴ፣ ይህ ብሎን ፍሬኑን የሚይዘው አይደለም እንዴ?»

ጋሽ ተከስተ ቀና ብለው አዩዋት። ማን እንደሆነች ሲጠይቋት ጃለኔ እንደምትባል፣ ስታዲየም አካባቢ ባለ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ውስጥ የመኪና ጥገና እንደምታስተምር ነገረቻቸው። ጋሽ ተከስተ ፈገግ አሉ።

«ሰሌዳ ላይ የተሳለ መኪና ፍሬን እንቢ አይለውም፣ የኔ ልጅ።»

ጃለኔም ሳቀች፤ እውነታቸውን እንደሆነ አመነችላቸው። ሆኖም መዳብ ለስላሳ መሆኑን፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ብረቱ እንደሚግልና እንደሚንቀጠቀጥ፣ ሽቦውም እየተፈጨ ሄዶ በመጨረሻ ብሎኑ የሚይዘው ነገር እንደሚያጣ በዝግታ አስረዳቻቸው። ዛሬ ጠብቆ መታየቱ ለነገ ዋስትና አይሆንም አለች።

«ሠላሳ ሁለት ዓመት እንዲህ ስሠራ፣ አበላሸህብኝ ብሎ ተመልሶ የመጣ አንድ ሰው የለም» አሏት፤ አሁን ፈገግታው ከፊታቸው ጠፍቷል።

«ጋሼ፣ በመንገድ ላይ ብሎኑ የወጣበት ሰው እንዴት ተመልሶ ይመጣል?»

ይህን ያለችው በትሕትና ነበር። ጋሽ ተከስተ ግን ተቀየሙ። ትከራከረኛለች እንጂ ሥራዬን አላየችም ብለው፣ የግራውም በዚሁ ሽቦ መሠራቱን ነገሯትና ራሷ ትመስክር ብለው ጎማውን አወለቁ። መፍቻና ቧንቧ ይዘው ሲመጡ ጃለኔ እጇን ዘረጋች።

«መጀመሪያ በጣትዎ ይሞክሩት።»

ላለማሳፈር ያህል በሁለት ጣታቸው ያዙት። ብሎኑ ዞረ። ደግመው አዞሩት፤ እየዞረ ወጥቶ መዳፋቸው ላይ ዐረፈ። ተከትሎት እንደ ሻይ ቅጠል የደቀቀ መዳብ ረገፈ። ጋሽ ተከስተ ዱካው ላይ ቁጭ አሉ። ሲንኳኳ የነበረው ይህ ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ ልጆቹ የሄዱት በዚህ ላይ ነው። አፈሩ፤ ከማፈርም በላይ ፈሩ።

«አሥራ አራት ሕፃናት» አሉ። «ታዲያ ምን ይበጃል?»

«ቀዳዳውን ቀጥ አድርጎ ማስፋት፣ አዲስ ጥርስ ማውጣት፣ ከዚያ ውስጡም ውጭውም ጥርስ ያለው የብረት እጅጌ መክተት ነው። ብሎኑ ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። ቀዳዳው ያለበት ብረት ራሱ ከተሰነጠቀ ግን ጥገና አያድነውም፤ በቃ፣ ይቀየራል። መሣሪያውን ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ።»

ሚኒባሷን ለዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ሊያደርሱ ለራቢያ ቃል ገብተውላት ነበር። ቃላቸውን አጥፈው አያውቁም። ስልካቸውን አንሥተው ደወሉላት። መኪናዋ እንደማትደርስ፣ ልጆቹ በሌላ እንዲሄዱ ነገሯት። ራቢያ ብዙ አጉረመረመች፤ እሳቸውም እስክትጨርስ ሰሟት።

ቅዳሜ ጃለኔ ቃሏን ጠብቃ መጣች። የቀኙን ቀዳዳ በእጅጌ ጠገኑት። የግራው ብረት ግን ተሰንጥቆ ስለተገኘ ሙሉውን ቀየሩት። ጃለኔ ብሎኑ በልኩ ሲጠብቅ ቀጭ የሚል መፍቻ አምጥታ ነበርና ቀጭ ሲል ጋሽ ተከስተ አላመኑትም፤ እጃቸው ወደ ቧንቧው ሄደ። ልጅቱ ቀና ብላ አየቻቸው። ቧንቧውን ተዉት።

ካያያዝ ይቀደዳል ካነጋገር ይፈረዳል ይባላል። ጥርሱን የበላው የብሎኑ ክፋት ሳይሆን ያለ ልክ መጫን ነው፤ ጋሽ ተከስተን የመለሳቸውም የልጅቱ ዲፕሎማ ሳይሆን አክብራ መናገሯ ነው። በልክ የጠበቀ ብሎን በሌላ ጊዜ ሲፈታ አይሰበርም፤ በደንብ የተጠገነ ቀዳዳ ሾፌሩን ያለ ሐሳብ ያስተኛዋል። አንድ ቀን መዘግየት ከዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

ጃለኔ ስትሄድ ጋሽ ተከስተ ሽቦውን ከሚስማሩ አውርደው ጣሉት። ከዚያም ዱካቸው ላይ ተቀምጠው፣ በዚያ ሽቦ የሠሯቸውን መኪኖች አንድ በአንድ ማስታወስ ጀመሩ። ስድስት መጡላቸው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ለመጀመሪያው ደወሉ።

«ታዲዎስ፣ ተከስተ ነኝ። መኪናህን ዛሬውኑ አምጣልኝ፤ ቀስ ብለህ ንዳ። እጄ ተሳስቷል።»