የዘይቱ ጉልበትና የጋሽ መኩሪያ ጣት

ጎሮ አካባቢ መሠረት ያስቆፈረ ሰው ሁሉ ጋሽ መኩሪያን ያውቃቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ኤክስካቫተር ላይ ተቀምጠዋል። መሬት ውስጥ የተቀበረ የውሃ ቧንቧ ሳይነኩ ዙሪያውን ቆፍረው ያወጡታል እየተባለ ይወራል፤ ወሬውም እውነት ነው፣ እሳቸውም ሲወራ አያፍሩም። ሰው ሲያመሰግናቸው ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ይቺ ናት፣ እኔማ ምን አውቃለሁ» ይላሉ። በዚህች እጅ ሦስት ልጆች አስተምረዋል፣ ሁለት ክፍል ቤትም ሠርተዋል።

አንድ ሰኞ ቀን ሰባት ሰዓት ገደማ ጋሽ መኩሪያ በማዳበሪያ የተጠቀለለ አሮጌ የሃይድሮሊክ ቱቦ ታቅፈው ጎሮ ላይ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ማሽናቸው ጠዋት ዘይት መትፋት ጀምሮ ቆሟል። ኦሎምፒያ ወርደው፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ ይዘው ተመሳሳዩን ቱቦ ማሠራት ነበረባቸው። ጥግ ይዘው ከመቀመጣቸው አጠገባቸው ያለችው ወጣት ብድግ አለች።

«ጋሽ መኩሪያ! አላወቁኝም እንዴ? ራህማ ነኝ፣ የሙክታር ልጅ!»

«አንቺ! የጎረቤቴ ልጅ! ተቀመጪ፣ ተቀመጪ ልጄ። አባትሽ ማሽን ትነዳለች ሲለኝ፣ እሱ መቼም ቀልድ ይወዳል ብዬ ስቄበት ነበር።»

«ቀልድ አይደለም ጋሼ። ኮሌጅ እንደጨረስኩ ሠልጥኜ ገባሁ። ወደ ምዕራብ፣ ቆላው ላይ፣ ወርቅ ማውጫ ነው የምሠራው። ለሁለት ሳምንት ፈቃድ መጥቼ ነው።»

«ምንድን ነው የምትነጂው? ሎደር?»

«ሾቬል። ከእርስዎ ማሽን ጋር ዘመድ ነው፤ ብቻ ሁለት መቶ ሃምሳ ቶን ይመዝናል።»

ጋሽ መኩሪያ ዞር ብለው አዩዋት። የእሳቸው ማሽን ሃያ ሁለት ቶን ነው፤ በሠፈሩም ከእሱ የሚበልጥ የለም። ይቺ ቀጭን ልጅ ታሾፍብኝ ይሆን ብለው ጠረጠሩና ሙያዋን ሊፈትኑ ቆረጡ።

«እስቲ ንገሪኝ፣ እንዴት ነው የሚሠራው?»

«ወንበሩ ላይ ለመድረስ ደረጃ ነው የምወጣው፤ ከሁለተኛ ፎቅ መስኮት ወደ ታች እንደማየት ነው። በግራ እጄ ማሽኑን አዞራለሁ፣ ክንዱን እዘረጋለሁ። በቀኝ እጄ ከሥሩ ያለውን ትልቁን ክንድ፣ ቡሙን፣ አነሳለሁ፣ ባልዲውን አጥፋለሁ። እርስዎ ባልዲውን ወደ ራስዎ እየሳቡ ነው የሚቆፍሩት፤ የእኔ ወደ ፊት ነው። ከሚቆፈረው ገደል ሥር ይገባና ወደ ላይ እየገፋ ይሞላል። ሲደፋም አይገለበጥም፤ በእግሬ ፔዳሉን ስረግጥ ባልዲው ከሥሩ እንደ መንጋጋ ይከፈታል። አራት ጊዜ ስጭን መቶ ቶን የሚይዘው መኪና ሞልቶ ይሄዳል።»

«ስታዞሪ ቡሙንም አብረሽ ታነሺያለሽ ወይስ ቆመሽ?»

«አብሬ ነዋ! ለየብቻ ካደረግኩትማ መኪኖቹ ተሰልፈው ይመሽብኛል።»

ጋሽ መኩሪያ ሳቁ። ይህንን መልስ ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው እንዲህ ቶሎ አይመልሰውም። ልባቸው ለልጅቱ ተከፈተና እሳቸውም በተራቸው የጠዋቱን ጀብዱ ማውራት ጀመሩ።

«እኔ ደግሞ ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ቡሙ በዘይት ረጠበብኝ። ቀዳዳው ግን አይታይም። ሞተሩን አስነስቼ በእጄ ቱቦውን ዳሰስ ዳሰስ አደረግኩት፤ ወዲያው አገኘሁት። ኢያሱ፣ ያ የሁለተኛው ማሽን ኦፕሬተር፣ አፉን ከፍቶ ነው ያየኝ። ይኸውልሽ፣ ጫር አድርጋኛለች።»

የቀኝ እጃቸውን ሌባ ጣት አሳዩዋት። ጫፉ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ አለች። አትደማም። የራህማ ፊት ግን ባንዴ ተለወጠ።

«በምን አጠቡት?»

«በናፍጣ ነዋ፣ እንደ ልማዳችን።»

«ጋሽ መኩሪያ፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ለዚች? ኧረ አታስቂኝ! ሠላሳ አንድ ዓመት በእጄ ነው የማገኘው። አልደማም፣ አላመመኝም።»

«አለማመሙ ነው የሚያስፈራኝ።»

ሙያ ያለው ሰው ችግሩ ይህ ነው። ሠላሳ ዓመት ያልነካው ነገር መቼም የማይነካው ይመስለዋል። ጋሽ መኩሪያ ትምህርት የሚንቁ ሰው አይደሉም፤ ለልጆቻቸው ያወጡት ይመስክር። ነገር ግን ልማድ ከማንም በላይ የሚያታልለው ጎበዙን ነው፣ ምክንያቱም ጎበዝን ማን ደፍሮ ያርመዋል? ራህማም ይህን ስለምታውቅ አልተቆጣችም፤ አቀማመጧን አስተካክላ በትሕትና ጀመረች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት ጋሼ። ባልዲዎን የሚያነሳው ምንድን ነው?»

«ይሄ ለእኔ ጥያቄ ነው? ሞተሩ ፓምፑን ያዞራል፤ ፓምፑ ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ፒስተኑን ያስወጣዋል። እኔ ሊቨሩን ስነካ ለዘይቱ መንገድ እከፍትለታለሁ እንጂ ምንም አላነሳም።»

«አበጁ። የእኔም ከዚህ የተለየ አይደለም። የእርስዎ ማሽን ግፊቱ ሲለካ ስንት ይመጣል?»

«ሦስት መቶ ባር።»

«ይሄ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ጎማውስ?»

«ሦስት ቢሆን ነው።»

«የእኔ ማሽንስ ስንት ይመስልዎታል? ያ ሁለት መቶ ሃምሳ ቶኑ?»

ጋሽ መኩሪያ አሰቡ። አሥር እጥፍ ከከበደ አሥር እጥፍ መሆን አለበት።

«ሦስት ሺህ?»

«እሱም ሦስት መቶ ነው።»

«አትቀልጂ ልጄ!»

«ወላሂ! የእኔ የሚበልጠው ሲሊንደሩ በርሜል ስለሚያህልና ዘይቱ በሺህ ሊትር ስለሚቆጠር ነው። ግፊቱ ግን ከእርስዎ ጋር እኩል ነው። ሃያ አምስት ቶን ድንጋይ ባንዴ የሚያነሳው ግፊት ነው ያንን ቱቦ በስቶ የወጣው። እርስዎ ደግሞ ጣትዎን አስጠጉለት።»

ሚኒባሱ ጃክሮስ ጋ መኪና ተጨናንቆበት ቆመ። ጋሽ መኩሪያ ነገሩን በራሳቸው አፍ ስለተናገሩት ሊክዱት አልቻሉም። ቢሆንም እጃቸውን አልሰጡም።

«ታዲያ ገባ እንበል። ትንሽ ዘይት ምን ያደርጋል? ስንት ዓመት ስታጠብበት ኖሬ የለም እንዴ?»

«ከላይ ሲነካ ይታጠባል። ከቆዳ ሥር ሲገባ ግን በጅማቱ መንገድ ወደ መዳፍ ይሄዳል፤ ሥጋውን ከውስጥ ይገድለዋል። ጓንት አያቆመውም። ሰው የሚያመው ማታ ነው ወይ በነጋታው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ረፍዷል።» ድምጿ ዝቅ አለ። «ሰዲቅ የሚባል መካኒክ ነበረን። ልክ እንደ እርስዎ እጀ ወርቅ። ‹አስነሺልኝ፣ ቀዳዳዋን ላግኛት› አለኝ። እኔ ነኝ ሞተሩን ያስነሳሁት ጋሼ። እንዳይደረግ ተምሬያለሁ፤ ግን ታላቄ ስለሆነ እምቢ ማለት አፈርኩ። ‹ምንም አይደል፣ መርፌ ናት› ብሎ ሁለት ቀን ሠራ። በሦስተኛው ቀን ሐኪሞቹ ከዚህ ቆረጡት።»

የራሷን አንጓ በሌላው እጇ ያዘች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ጋሽ መኩሪያን ልጅቷ አሳዘነቻቸው፣ ስለ ራሳቸው ግን ገና ልባቸው አልተቀበለውም።

«ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ» አለች ራህማ። ከማዳበሪያው የቱቦውን የብረት ጫፍ አወጣች። «እዚህ ላይ ክር አለ፤ ቡሎን የሚታሰርበት። በመሃል ጣትዎ ይዳስሱት።»

«ይሰማኛል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... እቆጥረዋለሁ።»

«አሁን በሌባ ጣትዎ።»

ዳሰሱ። ደግመው ዳሰሱ። ብረቱ ለስልሶ ቀረ፤ ጨርቅ የነኩ መሰላቸው። ዓይናቸውን ከፍተው ጣታቸውን አዩት፤ ጫፉ ነጥቷል፣ ሥሩ አብጧል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሊቨር ላይ የአሸዋና የድንጋይን ልዩነት የለየላቸው ጣት ምንም አልነገራቸውም። ጋሽ መኩሪያ በዚያች ደቂቃ ክፉኛ ፈሩ፤ እንዲህ የፈሩበትን ቀን አያስታውሱም።

በዚህ መሃል ስልካቸው ጮኸ። አሠሪያቸው አቶ አስፋው ነበሩ።

«መኩሪያ፣ ቱቦው የት ደረሰ? ገልባጮቹ ቆመዋል እኮ!»

«አቶ አስፋው፣ ቱቦው ዛሬ አይደርስም። ሐኪም ቤት ልገባ ነው።»

«ምን ሆነህ?»

«ዘይት ወግቶኝ።»

«ለዘይት ነው ሥራ የምታስፈታኝ?»

«ለእጄ ነው» አሉና ስልኩን ዘጉ። ከዚያም፣ «ወራጅ!» ብለው ጮኹ።

ራህማ ቱቦውን ተሸከመችላቸው፤ ባጃጅ ይዘው በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ደረሱ። እዚያም ቢሆን ነገሩ ቀላል አልነበረም። የድንገተኛ ክፍሏ ነርስ ጣቱን አይታ፣ «የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ወግተን እንሸኝዎታለን አባ» አለች። ራህማ አፏን ልትከፍት ስትል ጋሽ መኩሪያ ቀደሟት።

«ስሚኝ የኔ ልጅ። በእጅሽ የያዝሽውን መርፌ በአውራ ጣትሽ ስትገፊው መድኃኒቱ ሥጋ ውስጥ ይገባል አይደል? እኔን የወጋኝ ባለ መቶ ሃምሳ ፈረስ ጉልበት ሞተር ነው። የገባው ደግሞ መድኃኒት አይደለም፣ የማሽን ዘይት ነው። አሁን እስከ የት እንደሄደ አናውቅም። ሐኪም ይየኝ።»

ከመጋረጃው ወዲያ የነበረችው ወጣቷ ዶክተር ሳምራዊት ይህን ሰምታ መጣች። ሰዓቱን ጠየቀች፣ ግፊቱን ጠየቀች፣ ጣቱን ነካ ነካ አደረገችና ወዲያው ለቀዶ ሐኪሙ ስልክ ደወለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋሽ መኩሪያ ቀዶ ጥገና ክፍል ነበሩ። ጣታቸውን እስከ መዳፋቸው አጋማሽ ሲከፍቱት ጥቁር ዘይት ወጣ። ሐኪሙ በማግስቱ እንዲህ አላቸው፤ «ነገ ብመጣ ብለው ቢሆን ኖሮ የምንነጋገረው ስለ እጅዎ ነበር። አሁን የምንነጋገረው ስለ አንድ ጣት አልታጠፍ ማለት ነው።» ጋሽ መኩሪያ አልጋው ላይ ሆነው አለቀሱ። ራህማም አጠገባቸው ተቀምጣ አለቀሰች፤ የእሷ ለቅሶ ግን የሰዲቅም ነበረበት።

ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ወደ ሥራ ተመለሱ። አቶ አስፋው መጀመሪያ አኩርፈው ነበር፤ ሆስፒታል መጥተው ቁስሉን ሲያዩ ግን ኩርፊያው ወዲያው በርዶላቸው ነበር። አሁን እንዲያውም ጋሽ መኩሪያ ያሏቸውን ሁሉ ይፈጽማሉ። ያረጀ ቱቦ እስኪፈነዳ አይጠበቅም፤ ቀኑ ሲደርስ ይለወጣል። በዚህም ዘይት መፍሰሱ ቀነሰ፣ ገልባጮች ቆመው የሚውሉበት ቀን ቀነሰ። ዘይት የወጋው ሰው ቢያመውም ባያመውም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ «በግፊት የገባ ዘይት ነው» ብሎ መናገርም ግዴታው ነው። አንድ ልማድ በመተው ብቻ ሠራተኛው እጁን፣ አሠሪው ሥራውን አተረፈ።

ብቻ ልማድ በአንድ ቀን አይለቅም። በተመለሱ በሳምንቱ የኢያሱ ማሽን ቡም ረጠበ። ኢያሱ ሞተሩ እንደተነሳ ወርዶ እጁን ወደ ቱቦው ሲሰድ ጋሽ መኩሪያ ከወንበራቸው ሆነው አዩት።

«ኢያሱ! እጅህን!»

ኢያሱ ደንግጦ ቆመ። «ጋሼ፣ ለአንድ ደቂቃ ነው እኮ። ማሽኑን አጥፍቼ፣ ባልዲውን መሬት አሳርፌ፣ ሊቨሩን ወዲያ ወዲህ እያልኩ የታመቀውን ግፊት እስካስወጣ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ደግሞ እርስዎ ራስዎ አይደሉም ያሳዩኝ?»

«እኔ ነኝ። ያሳየሁህ ስህተት ነው። የምትለው ሁሉ ሲጠገን ይደረጋል፤ ለመፈለግ ግን ሌላ መንገድ አለ። ና።»

ከማሽናቸው ወርደው የዓይን መከላከያ መነጽር አድርገው፣ ለእሱም ሰጡት። ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ካርቶን አሰሩና ራቅ ብለው ቆመው በቱቦው አጠገብ ቀስ እያሉ አሳለፉት። ምንም አልተሰማም፣ ምንም አልታየም። ከዚያ እንጨቱን መልሰው ካርቶኑን ለኢያሱ ሰጡት። ካርቶኑ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል የዘይት ነጥብ ነበረች። ኢያሱ ካርቶኑን ገለበጠው፤ ነጥቧ በወዲያኛውም በኩል ወጥታለች።

ነጥቧን አተኩሮ አያት። ከዚያ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።