የበቅሎዋ የመጨረሻ ገጽ

ቡታጅራ፣ ዓርብ ጠዋት፤ አስካለ ግቢዋ ውስጥ ልብስ ታጥባለች፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ልጇ ረድኤት ዩኒፎርሟን ለብሳ ያልተፈረመ የጉዞ ፈቃድ ይዛ አጠገቧ ቆማለች።

አስካለ፦ አልፈርምም አልኩሽ። እጄ ሳሙና ነው።

ረድኤት፦ ትናንትስ?

አስካለ፦ ትናንት ራሴን አሞኝ ነበር። “ጀልባ” የሚለውን ካነበብኩ ጀምሮ።

ረድኤት፦ እማዬ፣ ዛሬ ካላስገባሁ ስሜ ይሰረዛል። ዝዋይ ሐይቅ ላይ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። የሚያንሳፍፍ ጃኬትም ያለብሱናል።

አስካለ፦ ጀልባው የማይሰምጥ ከሆነ ጃኬቱ ምን ያደርጋል?

ረድኤት፦ ለጥንቃቄ ነዋ።

አስካለ፦ አየሽ፣ እነሱም ፈርተዋል። ደግሞ ጉማሬ አለ።

ረድኤት፦ ጉማሬ ከእኛ ምን ይፈልጋል?

አስካለ፦ እሱን ጀልባው ከተገለበጠ በኋላ ይነግራችኋል።

ረድኤት፦ ክፍሉ በሙሉ ሲሄድ እኔ ብቻዬን ልቀር ነው?

አስካለ፦ ቆይ፣ የአማርኛ ደብተርሽን አይቼዋለሁ። መምህራችሁ “በዚህ አጭር ልብ ወለድ ውስጥ ጥበብን የሚወክለው ማን ነው?” ብለው ሲጠይቁ ምን ብለሽ መለስሽ?

ረድኤት፦ አንብበሽው የለ።

አስካለ፦ ካፍሽ ልስማው።

ረድኤት፦ በቅሎዋ።

አስካለ፦ ለምን?

ረድኤት፦ ሙሽራዋን ጭና ወንዝ ዳር ስትደርስ አልሻገርም ብላ ስለቆመች። ሽማግሌዎቹ “ሠርጉ ረፈደ” እያሉ ቢገርፏትም አልተነቃነቀችም።

አስካለ፦ ከዚያስ?

ረድኤት፦ ደራሽ ውሃ መጣ። ወንዙ ዳር የነበረውን ትልቅ ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ ወሰደው።

አስካለ፦ ከአሥር ዘጠኝ ሰጥተውሻል። እንግዲህ በቅሎዋ እኔ ነኝ። ብትገርፊኝም አልነቃነቅም።

ረድኤት፦ ዘጠኙን ያገኘሁት ግን በእሱ አይደለም። በመጨረሻው ገጽ ነው።

አስካለ፦ የምን የመጨረሻ ገጽ? እኔም እኮ ስምንተኛ ክፍል ተምሬዋለሁ። ዛፉ ሲወሰድ ያልቃል።

ረድኤት፦ አያልቅም።

አስካለ፦ መጽሐፉ ለአምስት ተማሪ አንድ ነበር። እኛ እጅ ሲደርስ ከኋላው ትንሽ ተቀዷል። ታሪኩ ግን አልቋል።

ረድኤት፦ ስንት ገጽ ነው የተቀደደው?

አስካለ፦ የሌለ ገጽ እንዴት ይቆጠራል?

ረድኤት፦ እማዬ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት በቅሎዋ ወንዝ ዳር እንደቆመች ነው የምታስቢው?

አስካለ፦ ቆማ ምን ጎደለባት? በሕይወት አለች።

ረድኤት፦ ከሰዓት በኋላ ውሃው ጎደለ። ያኔ ሽማግሌዎቹ ፈርተው “እንመለስ” አሉ። እሷ ግን አጎንብሳ አሸተተችው፣ ባንድ እግሯ ለካችው፣ ከዚያ ማንም ሳይነዳት ገባች። እኔም “ጥበቧ መቆሟ ሳይሆን ውሃውን ማየቷ ነው” ብዬ ጻፍኩ። መምህራችን በቀይ ያሰመሩት እሱ ላይ ነው።

አስካለ፦ ተሻገረች?

ረድኤት፦ ተሻገረች።

አስካለ፦ አላዳለጣትም? እግሯ አልተሰበረም?

ረድኤት፦ ምንም አልሆነችም። ሠርጉም ላይ ደረሱ።

አስካለ፦ እኔ እኮ ስለዚያች ሙሽራ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ። ጎርፉን እያየች ሳታገባ የቀረች ነበር የሚመስለኝ።

ረድኤት፦ አግብታለች፣ እማዬ።

አስካለ፦ እስክሪብቶ አምጪ። ቆይ፣ እጄን ላድርቅ።

ረድኤት፦ ኑሪልኝ።

አስካለ፦ አንድ ነገር ብቻ። በቅሎዋ ስትሻገር ሙሽራዋ የት ነበረች?

ረድኤት፦ ጀርባዋ ላይ ነዋ። ምነው?

አስካለ፦ እንግዲያው ለመምህርሽ ንገሪያቸው፤ ለእኔም አንድ ጃኬት ይያዙልኝ።