የኤልደን ሚስትና የተፈቀደው ቅጠል

ቅዳሜ ከሰዓት ከቤተ ክርስቲያኑ የቦሎቄ ግብዣ ስመለስ ጎረቤቴን ኤልደንን አጥሩ ሥር አገኘሁት። ከግብዣው ለሚስቱ ለቬርና ይዞላት የሄደውን ሳህን ምግብ ለባሕር ወፎች እየደፋ ነበር።

«ቬርና በላች?» አልኩት።

«በላች።»

«ሽማግሌ ሲዋሽ አያምርበትም። የበሉት ወፎቹ ናቸው።»

ኤልደን በዚህ በአሜሪካ በሜይን ግዛት የባሕር ጠረፍ ሎብስተር የሚባለውን ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ ከሚያጠምዱት ሁሉ ግትሩ ነው። ማዕበል ቢመጣ እንኳ ቀድሞ መንገድ የሚለቅለት ይመስለዋል። ያን ቀን ግን ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«ኡርሱላ፣ ምን ላድርግ? ውሃ እንኳ አልረጋላት አለ። የካንሰሩ መድኃኒት ሆዷን ያገላብጠዋል። ሐኪሙ ደግሞ እንዲህ እየከሳች ከሄደች ሕክምናውን ለማቆም እገደዳለሁ አለ።»

«ሌላ መላ አልነገራችሁም?»

«ነገረን እንጂ! ሐሺሽ አለኝ! ለእኔ ሚስት! ኮፍያዬን አንስቼ ወጣሁ።»

ይህን ሲል የልጅ ልጁ ዳርሲ ከቤት ወጣች። ነርስ ለመሆን የምትማር ልጅ ናት፤ አያቷን ልታስታምም መጥታ ነው። እኔ ትምህርት ቤት ብዙም አልዘለቅሁም። ያደግሁት በሰርዲን ፋብሪካ መቀስ ይዤ የዓሣ ራስ ስቆርጥ ነው። ስለዚህ የተማረ ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር እጅ አልነሣም። ይህች ልጅ ግን ስትናገር ሰውን ዝቅ አታደርግም። ለዚህ ነው ቆሜ የሰማኋት።

«አባባ፣ ከፈቀዱልኝ አንድ ነገር ልናገር» አለች።

«ስለዚያ ቅጠል ከሆነ አትድከሚ።»

«ስለዚያ ነው። እርስዎ ሐሺሽ ሲሉ ከወደቡ ጀርባ የሚያጨሱት ጎረምሶች ናቸው የሚታዩዎት። እኔ የምለው ሐኪም አረጋግጦ ለታመመ ሰው የሚፈቅደውን ነው። ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ያወጣው ሕግ ነው።»

«እኔ ተቃውሜ ነው ድምፅ የሰጠሁት!»

እዚህ ላይ አላስቻለኝም። «አንተ ደግሞ ያልተቃወምከው ምን አለ? የሎብስተር ወጥመድ ቁጥር ይገደብ ሲባል አዳራሽ ውስጥ ወንበር የገለበጥከው አንተ አይደለህም? ዛሬ ከተፈቀደው አንዲት ወጥመድ ያሳለፈ ሰው ካየህ እንደ ቄስ ትሰብከዋለህ!»

«ያ ሌላ ነው። ያ ባሕራችንን አትርፎልናል።»

«መቼ አወቅከው? ከሞከርከው በኋላ ነው!»

ዳርሲ ሳቋን ዋጠችና፣ «አባባ፣ እንቁላል የያዘች ሎብስተር ወጥመድዎ ውስጥ ሲያገኙ ምን ያደርጋሉ?» አለችው።

«ይህም ይጠየቃል? ጭራዋ ላይ ምልክት ቆርጬ ወደ ባሕር እመልሳታለሁ።»

«ምልክት ያለባትን ሌላ ሰው ቢይዛትስ?»

«ይመልሳታላ! ካልመለሳት ሌባ ነው።»

«እንግዲህ ሎብስተር መያዝ ነውር አይደለም ማለት ነው። ሕጉ የሚለየው የትኛዋ፣ ምን ያህል፣ በማን እጅ የሚለውን ነው። ይኸኛውም እንደዚያው ነው። ሐኪም ያረጋገጠላት ታማሚ ትጠቀማለች። አቅም ከከዳት ደግሞ ተንከባካቢ ትሰይማለች። እሱ በሕጉ ልክ ይተክልላታል፣ ያዘጋጅላታል። ለእሷ የተዘጋጀውን ለጓደኛ አያቃምስም፣ ልጅ እንዲነካውም አይተውም።»

ኤልደን የአጥሩን እንጨት በጥፍሩ ላጥ አደረገና ቀስ ብሎ፣ «ጀልባዬስ?» አለ።

«ምን ሆነ ጀልባህ?» አልኩት።

«የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎቹ የፌዴራል መንግሥቱ ናቸው፤ ፌዴራሉ ደግሞ ይህን ነገር አልፈቀደም። አንድ ቀን ጀልባዬ ላይ ወጥተው ቢፈትሹኝና ኪሴ ውስጥ ቢያገኙብኝስ? ጀልባዬን ከወሰዱብኝ ቬርናን በምን አኖራታለሁ?»

ለካ ይህ ኖሯል! እኔ ግትርነት ነው ብዬ ስተርበው፣ ሰውየው ለካ ፍርሃቱን ብቻውን ተሸክሞ ይዞር ነበር። ወንድ ልጅ ፈራሁ ከሚል ተናደድኩ ቢል ይቀለዋል።

«እዚህ ላይ እውነት አለዎት፤ አልሸነግልዎትም» አለች ዳርሲ። «ግዛታችን ፈቅዷል፣ ፌዴራሉ አልፈቀደም። ሁለቱ ገና አልታረቁም። ስለዚህ ጀልባው ላይ ቅንጣት አትወጣም። ከሜይን ድንበርም አትሻገርም። ቤት ውስጥ ተቆልፎባት ትቀመጣለች። ምንም ስጋት የለም አልልዎትም፤ ግን እርስዎ ጭጋግ ባለበት ቀንም መንገድዎን አውቀው ይወጣሉ እኮ።»

«ይፈውሳታል?»

«አይፈውሳትም። ካንሰሩን የሚታገለው የሐኪሙ መድኃኒት ነው። ይኼ ማቅለሽለሹን ቢያበርድላት፣ ምግብ ቢረጋላት ብለን ነው። ለሁሉም ሰው ይሠራል ብዬ አልምልም። ማጨስም የለባትም፤ ከምላስ ሥር የሚደረግ የዘይት ጠብታ አለ።»

ይህ አነጋገሯ ደስ አሰኘኝ። ሁሉን ያድናል ብትል ኖሮ እኔው ራሴ ከግቢው አባርራት ነበር።

በዚህ መሐል ከበረንዳው ቀጭን ድምፅ መጣ። ቬርና ብርድ ልብስ ተከናንባ በሩን ተደግፋ ቆማለች።

«ኤልደን።»

«ወዬ፣ የኔ ፍቅር። ለምን ተነሣሽ?»

«ሐኪሙ ሲናገር ፊቱ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። አንተ ኮፍያህን አንስተህ ስትወጣ ዝም ያልኩት ተስማምቼ አይደለም፤ ለመጨቃጨቅ አቅም አጥቼ ነው። እናንተ ሦስታችሁ ስለ ሕግ ትሟገታላችሁ። እኔን የጠየቀኝ ማን ነው? እኔ እፈልገዋለሁ። መኖር እፈልጋለሁ።»

ሦስታችንም አፈርን። ኤልደን ኮፍያውን አወለቀ።

«እሺ፣ ይሁን። ግን ያ ተንከባካቢ የምትሉት ጸጉረ ረጅም ሰውዬ ቤቴ አይገባም!»

«የቱ ሰውዬ?» አለች ዳርሲ።

«የሚመጣው ነዋ! እንግዳ ሰው ሚስቴ አልጋ አጠገብ ጠብታ ሲቆጥር ማየት አልችልም።»

«አባባ! እርስዎ እኮ ሊሆኑ ይችላሉ።»

«እኔ?»

«እኔ ሌላ ማንን አስቤ ነው ታዲያ?» አለች ቬርና። «ይህን ሁሉ ጊዜ ሲያስታምመኝ የኖረው ማን ሆነና?»

ሰውየው ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። እኔም ወፎቹን የማይ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

ሰኞ ዕለት ወደ ሐኪሙ ሄዱ። ሕጉ የሚለውን አሟሉ፤ ኤልደን በሕጉ ልክ የተከለላት ተክል እስኪደርስም ጠብታውን ከተፈቀደለት መደብር አመጡ። ዳርሲ «ከትንሹ እንጀምር» ብላ ስላስጠነቀቀችው፣ ኤልደን ጠብታውን ሲያንጠባጥብ እስትንፋሱን ይይዝ ነበር። የመጀመሪያው መጠን ቬርናን እንቅልፍ አበዛባት፤ ሐኪሙን ጠይቀው ቀነሱት። ቀስ በቀስ ሾርባ ረጋላት፣ ቀጥሎ ድንች፣ ቀጥሎ ዓሣ። ክብደቷ መውረዱን አቆመ፤ ሕክምናዋም አልተቋረጠም። ተክሉን ሲጠብቅ ያየው ሰው ግን ይስቃል፤ ኤልደን ተክሉ ያለበትን ክፍል ሳይቆልፍ ወደ ደጅ አይወጣም፣ ጀልባው ላይ ከመውጣቱ በፊትም ኪሱን ሁሉ ገልብጦ ያራግፋል።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ያልተማረች አሮጊት ትናገረኝ ዘንድ አይገባም ካላችሁ ተዉት፤ እኔ ግን እናገራለሁ። ሕግ ሲወጣ ስሙን ሰምታችሁ አትሽሹ፤ ምን እንደፈቀደና የት ላይ እንደከለከለ ጠይቁ። የሚያስፈራችሁን ነገር በቁጣ አትሸፍኑት፤ ተናገሩትና መላ ይፈለግለት። ከሁሉ በላይ ስለ ታማሚ ስትከራከሩ መጀመሪያ ታማሚውን ጠይቁ። ኤልደን ከዚያ ቀን በፊት ቢጠይቅ ኖሮ ሚስቱ ያን ሁሉ ጊዜ ባልተራበች።

ባለፈው እሑድ ጠሩኝና ሄድኩ። ኤልደን ራሱ የሠራውን የዓሣ ሾርባ አቀረበ። ቬርና አንድ ማንኪያ ቀመሰች፣ ሁለተኛ ደገመች፣ ከዚያ ማንኪያዋን ጠረጴዛው ላይ ጧ አደረገችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይህ ሾርባ ነው ወይስ ባሕሩን ቀድተህ አመጣህልኝ? ጨው ማለት እኮ በቁንጥር ነው! ስንት ዓመት ነው የምነግርህ? ዞር በል፣ ከነገ ጀምሮ ምድጃው አጠገብ እንዳላይህ!»

ከሕመሟ ወዲህ እንዲህ ተቆጥታ አታውቅም። ኤልደን ማንኪያውን እንደያዘ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ፣ «እሺ የኔ እመቤት፣ ቀጥይ» አላት።