በጎንደሬነቴ የተቀጠርኩበት ማማ

ክብርት ወይዘሮ ሰብለወርቅ፣ የአዳራሻችን ባለቤት፤ አብራችሁኝ የሠራችሁ ባልደረቦቼ፤ ክቡራትና ክቡራን፤ ጠረጴዛ ሥር የገባችሁ ልጆችም ጭምር፤

ይህን ድግስ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብርቅነሽ፣ ወጥ ቤት ገብተሽ ከትናንት ጀምሮ እንዳልተቀመጥሽ አይቻለሁ፤ እጅሽ ይባረክ። በዚህ አዳራሽ ያ ሁሉ ሰርግ ሲደገስ ከፊት ወንበር ስቀመጥ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። እናንተ ስትጨፍሩ እኔ መሰላል ላይ ነበርኩ። ወንበሩ እንዲህ ይመቻል? ምነው ቀድሞ የነገረኝ ጠፋ! ባውቅ ኖሮ ድሮ ጡረታ እወጣ ነበር።

አዳራሹን የምታስጌጥልን አሰለፈች ደግሞ "ጋሽ ዘማርያም፣ ንግግሩ አጭር ይሁን፤ ምግቡ ይቀዘቅዛል" ብላ አስጠንቅቃኛለች። ኦኬ፣ አጭር ነው። መቼም አጭር ነው ብሎ ያሳጠረ ተናጋሪ አላጋጠመኝም።

ሜስኪት ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችሁ እንግዶች አላችሁ። ስትገቡ ያያችሁት፣ አሁንም ከጀርባዬ ግድግዳው የሚታየው ማማ የቴክሳስ ሥራ አይደለም። ድንጋዩ የመጣው ከፈረንሳይ ነው። በመካከለኛው ዘመን አንድ ባላባት ካሠራው ግንብ የተረፈ ነው። የዛሬ ሰማንያ ዓመት ገደማ አንድ የነዳጅ ከበርቴ ሚስቱን ሊያስደስት ብሎ ማማውን ገዛ፣ አስፈረሰ፣ በመርከብ አስጭኖ እዚህ መልሶ አስገነባው። ሚስትየዋ ግን "ይጨልማል" ብላ አንድ ቀን እንኳ አላደረችበትም ይባላል። ወንዶች፣ ስጦታ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ! ከዚያ እጅ በእጅ ሲዞር ኖሮ ወይዘሮ ሰብለወርቅ ገዙት፤ ከጎኑ ይህን አዳራሽ ቀጠሉበት፤ ይኸው ያበሻ ሰርግ ይጨፈርበታል።

እኔ እንዴት ገባሁበት? ያኔ ኤርፖርት ፓርኪንግ ሎት ውስጥ፣ አንዲት ዳስ ውስጥ ተቀምጬ ትኬት እቀበል ነበር። ቪከሪ ሜዶ ሰፈር ጎረቤቴ የነበረ ሰው "ጠጋኝ ይፈልጋሉ" ብሎ ላከኝ። ወይዘሮ ሰብለወርቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

"ሀገርዎ የት ነው?"

"ጎንደር።"

"ጎንደር! በቃ፣ ግንብ ያውቃሉ ማለት ነው። ነገ ይጀምሩ።"

ምን ልበል? ጎንደሬ ሆኖ ግንብ አላውቅም ማለት ጎንደርን ማሰደብ ነው። በማግስቱ ሥራ ገባሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? ፋሲል ግንብ የገባሁት አንዴ ነው፤ ተማሪ ሆኜ። እሱንም ዛፍ ላይ ወጥቼ ዘበኛው ጆሮዬን ይዞ እየጎተተ አስወጣኝ። የግንብ ትምህርቴ በሩ ላይ አለቀ። ጎንደር ሳለሁ ሥራዬ አውቶቡስ ቢሮ ትኬት መቁረጥ ነበር። እዚያም ትኬት፣ እዚህም ትኬት፤ በዚህ ዕውቀት የፈረንሳይ ግንብ ኤክስፐርት ሆንኩ።

ሰው ደግሞ አይተውም፣ ይጠይቃል። "ጋሽ ዘማርያም፣ ይቺ ቀዳዳ ለምንድን ናት?" ይላል። "ለቀስት!" እላለሁ ኮስተር ብዬ። እኔ ዘንድ ያልታወቀ ቀዳዳ ሁሉ ለቀስት ነበር። የኤሲውን፣ የአየር ማቀዝቀዣውን ቀዳዳ ሳይቀር ለቀስት ብዬ አስጎብኝቻለሁ።

እንግዲህ ከማማው በር በስተግራ ያለውን ግድግዳ የቀድሞው ባለቤት ከውጭ በሲሚንቶ መርጎት ነበር። እኔ አየሁና "ሥራ ማለት እንዲህ ነው!" አልኩ። በስተቀኝ ያለውንም ልመርገው ብዬ ሲሚንቶ ተሸክሜ ስገባ ወገቤ ቀጭ አለ። በቃ፣ አልጋ ላይ ዋልኩ። አንዳንዶቻችሁ "ማማውን ያዳነው ጋሽ ዘማርያም ነው" ትላላችሁ። ውሸት! ያዳነው ወገቤ ነው።

ልጄ ኤልዳና ያኔ ሃይስኩል ነበረች። ይኸውላችሁ፣ እዚያ ጋ ፊቷን ሸፍናለች። እንዳይሰለቸኝ ብላ ስለ አውሮፓ ግንቦች አጠጋገን የሚያወራ መጽሐፍ ከላይብረሪ አመጣችልኝና ታነብልኝ ጀመር።

"አባዬ፣ ሲሚንቶ አታድርግ። ስቶኑ መተንፈስ አይችልም፣ ይሞታል ይላል።"

"ድንጋይ መቼ ኖሮ ነው የሚሞተው?"

"አባዬ! ዝም በልና ስማ።"

እዚህ አገር አባት የሚከበረው እንዲህ ነው። ሰማሁ። የድሮ ግንበኞች ድንጋይ የሚያያይዙት በኖራ ነው አለችኝ። በኖራ በኩል ውሃው ይገባል፣ በኖራ በኩል ይወጣል። ሲሚንቶ ግን መውጫውን ይዘጋዋል። ውሃው ድንጋዩ ሆድ ውስጥ ይቀራል፤ የብርዱ ወራት ሲመጣ በረዶ ይሆንና የድንጋዩን ፊት ገሽልጦ ይጥለዋል። አውሮፓ ውስጥ መድፍ ያልጣለውን ስንቱን ግንብ ጠጋኝ ጎድቶታል! አሁን ሲሚንቶውን ቀስ ብለው እየነቀሉ ኖራውን ይመልሳሉ።

ከዚያ አንድ ገጽ ስትገልጥ "አባዬ፣ ጎንደር!" ብላ ጮኸች። ለካ ጣሊያን በወረራው ጊዜ የኛንም ግንብ በሲሚንቶ ጠጋግኖት፣ በኋላ የመጡ ባለሙያዎች ያንን አንሥተው በኖራ ሠርተውታል። አያችሁ ጉዴን? ያገሬን ግንብ ታሪክ ቴክሳስ ውስጥ፣ በፈረንጅ መጽሐፍ፣ በጀርባዬ ተንጋልዬ ተማርኩ። አፈርኩ። ግን ደስም አለኝ፤ ማለቴ፣ ውሸቴን እውነት የማደርግበት መንገድ ተገኘ።

ከዚያ ወዲያ አንባቢ ሆንኩ። አንባቢ ደግሞ ለቤት መከራ ነው። ባለቤቴ አይናዲስ "የገዛ ቧንቧህ እየተንጠባጠበ የፈረንሳይን ባላባት ቤት ትጠግናለህ" ትለኛለች። ትክክል ናት፣ ቧንቧው አሁንም ይንጠባጠባል።

ከላይ ወደ ውጭ ብቅ ያለችውን ጠባብ ክፍል ታውቋታላችሁ አይደል? ሙሽሮች ተቃቅፈው ፎቶ የሚነሡባትን? አንድ ቀን መጽሐፉ ላይ ቁርጥ እሷን የመሰለች ሥዕል አየሁና እየሮጥኩ መጣሁ።

"ወይዘሮ ሰብለወርቅ፣ የሙሽሮቹ ክፍል እኮ የባላባቱ ሽንት ቤት ነው!"

ቀና ብለው አዩኝ። "ይህን የነገሩት ሰው አለ?"

"የለም።"

"እንግዲያው አይኑር።"

እስከ ዛሬ አፌን ዘግቼ ኖርኩ። አሁን ግን ጡረተኛ ነኝ፣ ማን ያባርረኛል? እዚያ የተሳማችሁ ሁሉ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ደግነቱ ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ አይሸትም።

አሁን ሳቁን ትንሽ ያዙልኝ። ምናሴን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ መኪናችሁን ፓርክ የሚያደርግላችሁ ሰው ነው። ሰርግ በሌለ ቀን ከእኔ ጋር ኖራ ሲያቦካ፣ ድንጋይ ሲፍቅ ኖሯል። እኔ መሰላል ላይ ሆኜ ሳወራ የሚሠራው እሱ ነበር። ምናሴ፣ አንገትህን አትድፋ፣ እውነቴን ነው። ከበሩ በስተቀኝ ያለውን ጨርሰናል። የግራው ሳይነካ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ሐኪሙም መሰላል ከለከለኝ።

ወይዘሮ ሰብለወርቅ፣ እዚህ ላይ በደጋሽዬ ፊት ድፍረት ይሁንብኝ። ሰኞ የሲሚንቶ ኮንትራክተር መጥቶ ማማውን በሙሉ፣ የግራውንም የቀኙንም፣ ሊመርግ እንደሚፈራረም ሰምቻለሁ። አልፈርድብዎትም። ዘንድሮ ኢኮኖሚው ወድቆ ሰርጉ ቀዝቅዟል፤ ሰውየው በሦስት ቀን ጨርሶ ይሄዳል። ኖራ ዘገምተኛ ነው፣ እኔ ከኖራውም የባስኩ ነኝ። በእኔ ፍጥነት ቢሆን ባላባቱ ቤቱን ሳያይ በሞተ ነበር። ይህን ሁሉ አምናለሁ።

ግን ከተማርኩት ሁሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማያያዣው ከድንጋዩ መድከም አለበት። ብርድ ሲመጣ፣ ውሃ ሲመጣ፣ የሚሰነጠቀው ኖራው ነው። ጊዜው ሲደርስ ይፋቃል፣ አዲስ ይሞላል፤ ድንጋዩ ግን ይኖራል። ሲሚንቶ እኔ አልሰነጠቅም ስለሚል ነው ድንጋዩ የሚሰነጠቀው።

እኔ እንግዲህ ጊዜዬ ደርሶ ዛሬ ተፋቅሁ። ቅር አይለኝም፤ እንዲያውም ወጉ ነው። እኔን አውጥታችሁ በቦታዬ ሲሚንቶ ከሞላችሁበት ግን እውነት እላችኋለሁ፣ ያንገበግበኛል። ይህ ማማ ያለእኔ ይቆማል። ያለ ኖራ አይቆምም።

መጽሐፉን አትመኑ፣ እኔንም አትመኑ፤ እኔ የኤሲ ቀዳዳ ለቀስት ነው ያልኩ ሰው ነኝ። ዝናቡ ካቆመ ሳምንት ሊሞላው ነው። ያው አንድ ግድግዳ ነው፤ ያው ዝናብ፣ ያው ፀሐይ። ስትወጡ ከበሩ በስተቀኝ መዳፋችሁን አሳርፉበት። ከዚያ በስተግራ፣ አሰለፈች ሁልጊዜ መጋረጃ የምትሰቅልበትን... አሰለፈች፣ መጋረጃው ለምን እንደሆነ ልናገር? ኦኬ ኦኬ፣ አልናገርም።

ወይዘሮ ሰብለወርቅ? ወዴት ነው? ኧረ ይቀመጡ፣ እየጨረስኩ ነው! ከፍቷቸው ይሆን? ከበሩ በስተቀኝ ቆሙ። መዳፋቸውን አሳረፉ። አሁን ወደ ግራ... ጎበዝ፣ መንገድ ልቀቁላቸው እንጂ! መጋረጃውን ገለጡት። አይ፣ የረጠበ መዳፋቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ነው።

ምን አሉ? እዚህ አይሰማም። ምናሴን ነው የጠሩት። ምናሴ፣ ምን አሉህ? ጮክ በል!

"'ሰውየውን እመልሰዋለሁ፤ ሰኞ አንተ ኖራህን ይዘህ ግባ' አሉኝ፣ ጋሼ።"

እሰይ! እሰይ የኔ እመቤት!

እዚህ ላይ የምናገረው ቀልድ ነበረኝ። ጠፋብኝ። እስቲ ውሃ አቀብሉኝ። አይናዲስ፣ አትዪኝ፣ አላለቀስኩም።

ወይዘሮ ሰብለወርቅ፣ አዳራሽዎ ሰርግ አይጣ፤ የልጅ ልጅዎን እዚሁ ይዳሩ። ብርቅነሽ፣ አሰለፈች፣ ሁላችሁም፣ ጤናና ሥራ አይለያችሁ። ይህን ክፉ ዓመት በደህና ያሻግራችሁ፤ በየቤታችሁ ያለው ሁሉ ከብርድ፣ ከፍሳሽ፣ ከጭቅጭቅ ይጠበቅ። ልጆች፣ አባቶቻችሁን "ዝም በልና ስማ" በሏቸው፣ ግን ቀስ ብላችሁ። ምናሴ፣ ጓንት ሳታደርግ እንዳትነካው፣ ኖራ እጅ ይበላል። ዓይንህንም ጠብቅ። ቶሎ ልጨርስ አትበል፤ ዕድሜ ይስጥህ እንጂ ሥራውስ ይደርሳል።

በሉ ብሉ፣ ጠጡ። እኔ ምግቡ ጋ ከመድረሴ በፊት መጀመሪያ ምናሴን ልቀፈው።